የጎረቤታችን ፎቅና የእናቴ ጣሪያ

ብሎኬቱ ቤታችን ውስጥ የገባው እሁድ ቀን ነው፤ ከዙሁር ሶላት ትንሽ ቀደም ብሎ። እናቴ ዉዱእ ልታደርግ ኩስኩስቷን ይዛ ወደ ጓሮ ወጥታለች። እኔ ሳሎን ሆኜ የሳምንቱን ልብሴን እተኩሳለሁ። መጀመሪያ ቆርቆሮ ሲቀደድ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ኮርኒሱ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር መሬቱን ሲመታው ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ካውያውን እንደተሰካ ትቼ ወደ እናቴ ክፍል ሮጥኩ። አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ረገብ ሲል ያየሁት ጥጉ የተፈረከሰ ብሎኬት ነው። ያረፈው መስገጃዋ ላይ ነበር፤ ያውም ግንባሯን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ።

"እማ!" ብዬ ጮህኩ።

በጓሮው በር ብቅ አለች፤ ፊቷ ላይ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። መስገጃውን አየች፣ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣ "አልሃምዱሊላህ" አለች።

እኔ ለማመስገን ፋታ አላገኘሁም። በቀዳዳው ሰማይ ይታየኛል፤ ከሰማዩ በዚህ በኩል ደግሞ የጎረቤታችን ፎቅ ጠርዝና ወደ ታች አጎንብሰው የሚያዩኝ የግንበኞች ራስ። አንደኛው "ውስጥ ሰው አለ እንዴ?" አለኝ።

ሰው አለ እንዴ! ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ማን ሊኖር ኖሯል? ያን ቀን የጀመረኝ ንዴት ይኸው እስካሁን አለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም ብዙ አልጣርኩም።

ቤታችን ጎሮ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከወሎ መጥቶ እዚህ ቦታ ሲያገኝ ዙሪያው ገና ማሳ ነበር። ጭቃ ቤት ሠራ፣ ውጭውን በሲሚንቶ ለሰነው፣ ቆርቆሮ አለበሰውና እኛን አስገባን። እሱ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ ብቻ ነን። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የተዛነፈ ስፌትና የላላ ቁልፍ ስፈልግ እውላለሁ። ወንድሜ ሚኒባስ ይነዳል፤ አግብቶ ወጥቷል።

ጎረቤታችንን ከልጅነቴ ጀምሮ "ጋሼ" ነው የምለው። ቦሌ ሚካኤል የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ሲሚንቶ፣ ምስማር፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ ይሸጣል። አዎ፣ ቆርቆሮ። አባቴ የሞተ ዕለት ድንኳን ያስተከለው እሱ ነው፤ ወንበር ያመጣው፣ ለቀስተኛውን ሲያስተናግድ የሰነበተው እሱ ነው። እናቴ ይህንን አንድም ቀን ረስታ አታውቅም። እኔም አልረሳሁም፤ ግን ውለታ ብሎኬት ይመልሳል እንዴ?

ያን ቀን ሰርግ ሄዶ ነበርና ማታ ሲመለስ ሱፍ እንደለበሰ መጣ። ክፍሉን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ተርፋችኋል፤ ዋናው እሱ ነው" አለ። "ነገ ሰው ልኬ አስጠግነዋለሁ። እናንተ አትጨነቁ።"

"አላህ ይስጥህ" አለችው እናቴ። መስገጃዋን አራግፋ ማጠቢያ ውስጥ ነክራዋለች። እሱም ነገሩ ያለቀለት መስሎት ወጣ። ይቅርታ አላለም። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም ነበር፤ በድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ እውነትም ሰው ላከ። ሥራ ውዬ ስመለስ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ ተመትታበት ዳርና ዳሩ ካትራሜ ተቀብቷል። ኮርኒሱ እንደተገነጠለ ነው። የጥቁሩ ቅባት ሽታ ለቀናት ከቤቱ አልወጣም፤ እናቴ ሳሎን ሶፋው ላይ ነበር የምትተኛው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል የተጠገነው ቦታ ያዘ፤ ሌላው ቦታ ግን ሁሉ አፈሰሰ። ኮሪደሩ፣ የእኔ ክፍል፣ ሳሎኑ መሀል። ሳፋ ስንደረድር፣ ባልዲ ስንደረድር፣ ድስት ሳይቀር ስንደረድር አመሸን። ባለፈው ክረምት እኮ ጠብታ አልነበረም! ከፎቁ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም ነበር።

ወንድሜ መጥቶ አየውና ጉንጩን ነፋ።

"ካትራሜ ይጨመርበት" አለ። "ሸራም እናልብሰው። ክረምቱን እንለፈው።"

"ካትራሜ ቀብተን ቀብተን ጣሪያው ጥቁር ሊሆን ነው። ሙሉ ለሙሉ መቀየር አለበት።"

"አንቺ ደግሞ! ሰፈሩ ለመንገድ ሊፈርስ ነው ይባላል፤ የሚፈርስ ቤት ላይ አዲስ ጣሪያ ትሠሪያለሽ?"

"ማን ነው ያለው?"

"ሰው ሁሉ። ተሳፋሪው ሁሉ የሚያወራው ይሄንን ነው።"

ይሄ ነው እኮ የሚያበግነኝ። ቤታችን ይፈርሳል የሚባለው እኔ ገና ቀሚስ የማልለብስ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ነው። በዚህ ወሬ ምክንያት አጥር ሳናሳጥር ቀረን፤ በዚህ ወሬ ምክንያት ሽንት ቤቱ ሳይታደስ ከረመ። የሚፈርስ የሚባለው ግን የእኛ ብቻ ነው መሰለኝ፤ ጎረቤታችን ይህንኑ ወሬ እየሰማ ፎቅ ይሠራል!

በሚቀጥለው እሁድ ዝናቡ ጋብ ሲል የፋብሪካ ሱሪዬን ለበስኩ፣ መሰላል ተውሼ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። እናቴ ከታች መሰላሉን ይዛ "ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ! ሰው ምን ይላል?" ትለኛለች። ሰው የሚለውን ይበል ብዬ በአራት እግሬ እየዳህኩ ወደ አናቱ ተጠጋሁ።

ያየሁትን ስናገር አሁንም ደሜ ይፈላል። ጣሪያችን የቆሻሻ መጣያ ሆኗል። የተፈረከሰ ጡብ፣ የታሰረ ሽቦ፣ የጣውላ ስንጣሪ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ አንድ እግር የተቀደደ ጫማ። ከላይ ሲለስኑ የተንጠባጠበው ሲሚንቶ በየቦታው ደርቆ ቆርቆሮውን ነክሶ ይዞታል፤ ዙሪያውን ዝገት በልቶት ጣቴን ስጭነው እንደ ካርቶን ገባልኝ። አሸንዳው በአሸዋና በብሎኬት ፍርፋሪ ተደፍኗል፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ በየስንጥቁ ወደ ቤት ይገባል። ያች አዲስ ቁራጭ ቆርቆሮ ብቻ መሀል ላይ ታብረቀርቃለች።

ቀና ስል ደግሞ የፎቁን ሦስተኛ ወለል አየሁ። ገና ግድግዳ ያልወጣለት ጠርዝ አጠገብ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ማንም አልተቀመጠበትም፤ ግን የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ከሱቅ ሲመለስ እዚያ ወጥቶ ሻይ እየጠጣ ሥራውን ይጎበኛል፤ ስንት ጊዜ ከጓሮ ሆኜ "ጋሼ፣ እንዴት አመሸህ" ብዬዋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ዝቅ ካደረገ የሚያየው የእኛን ጣሪያ ነው። ሌላ የሚያየው ነገር የለም። ለወራት ሲያየው ነው የከረመው።

ከመሰላሉ እንደወረድኩ እጄን ሳልታጠብ በሩን አንኳኳሁ። በአንተ ስጠራው የኖርኩትን ሰው ያን ቀን በእርስዎ ጠራሁት።

"ጋሼ፣ ጣሪያችንን አይተውታል?"

አጠራሬን ሰማ። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ።

"አስጠገንኩልሽ አይደል እንዴ?"

"አንዷን ቀዳዳ ነው ያስጠገኑት። ቀሪውን ሠራተኞችዎ ጨርሰውታል። መቀየር አለበት።"

"ስሚኝ እህቴ፣ የላክሁት ሰውዬ ወደ ውስጥ ሲያይ እንጨቱን ምስጥ በልቶት አግኝቶታል። ያ ጣሪያ ያረጀ ነው። እኔ የጣልኩት አንድ ብሎኬት ነው፤ የምስጥንም ዕዳ እኔ ልክፈል?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ መካሪ፣ "ይልቅ እናትሽን በዚህ ዕድሜዋ ከምታንገላቺያት ለምን ቦታውን አትሰጡኝም? በደንብ እንነጋገር። ጥሩ ኮንዶሚኒየም ይገዛላችኋል" አለኝ።

ለእኛ አስቦ ይሁን ለራሱ፣ እስከዛሬ አላወቅኩም። እናቴ አስቦልን ነው ትላለች። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ጣሪያችን እስኪበሰብስ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። ምን ብዬው እንደተመለስኩ አላስታውስም። የግቢውን በር ግን ሰፈሩ እስኪሰማ ነው የዘጋሁት።

የራሳችን አናጺ አስመጣሁ። ኮርኒሱን ገልጦ ወደ ውስጥ በባትሪ አየ። ምስጡ ውሸት አልነበረም፤ ከጓሮ በኩል ያሉት ማገሮች ከብሎኬቱም ከፎቁም በፊት ተበልተዋል። "መጠገን ከሆነ እጠግነዋለሁ" አለኝ፤ "ግን በዓመቱ ትጠሪኛለሽ። መቀየር ከሆነ ደግሞ ክረምት ነው፤ ቤት ተገልጦ ዝናብ ቢመጣ እኔ የለሁበትም።" ማንም የለበትም! አንዱ በምስጥ ያሳብባል፣ አንዱ በክረምት፣ ወንድሜ በመንገድ።

ከሁሉ በላይ ያናደደችኝ ግን እናቴ ናት።

"ይጠገን" አለች። "ትንሽ ካትራሜ፣ ትንሽ ሸራ። ከሰው ጋር አታጣይኝ።"

"እማ፣ ብሎኬቱ እኮ መስገጃሽ ላይ ነው የወደቀው! ትንሽ ቀድመሽ ገብተሽ ቢሆንስ? ቢገድልሽስ?"

"አልገደለኝማ።"

"ቢገድልሽስ ነው ያልኩሽ!"

"አልገደለኝም ነው ያልኩሽ።" ጠብታ የሞላውን ሳፋ አንስታ ልትደፋው ወጣች። ስትመለስ "አባትሽ የሞተ ቀን ማን ነበር አጠገባችን?" አለች። "ጣሪያ ይገዛል። ጎረቤት ከየት ነው የሚገዛው?"

ይበልጥ ጮህኩባት። እናቴ ላይ መጮኽ አይገባም፤ ጮህኩ። ጎረቤት ቢሆን ኖሮ ብሎኬት እንዳይወድቅብን መረብ ይዘረጋ ነበር አልኳት። አንቺ ዝም ስላልሽ ነው የሚጫወትብን አልኳት። እሷ ቁርአኗን ከፍታ እንዳልሰማች ሆነች።

በመጨረሻ ሽማግሌ እንዲገባበት ያደረገችው እሷው ናት። ሦስት ሰዎች መጡ፤ አንዱ የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ አንዱ እናቴን ከመስጊድ የሚያውቋት አዛውንት፣ አንዱ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ። ጎረቤታችንም መጣ። ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጡ፤ መሀል ላይ ባልዲው አለ፤ ከንግግሩ መሀል ጠብ፣ ጠብ ይላል።

"እኔ እምቢ አላልኩም" አለ ጎረቤታችን። "የሰበርኩትን ጠግኛለሁ። ቤቱ ግን ያረጀ ነው። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው?"

"እሱስ እውነቱን ነው" አሉ ጡረተኛው። የእድሩ ዳኛም ጺማቸውን እያሻሹ፣ "ለጉርብትናችሁ ሲባል ሌላም የተጎዳ ካለ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ይጨምርና..." ብለው ማስታረቂያውን ጀመሩ። እናቴ ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች። ጉዳዩ ሊያልቅ ነው። እኔ ተነሣሁ።

"አባቶቼ፣ ባልዲ እያያችሁ በጣሪያ አትፍረዱ። ተነሡና እሳቸው ፎቅ ላይ እንውጣ።"

"ልጄ፣ ተይ" አለች እናቴ።

"መውጣት ምን ችግር አለው?" አልኩ ወደ እሱ ዞሬ። "ችግር አለው ጋሼ?"

ችግር አለው ማለት አልቻለም።

ደረጃው ገና መደገፊያ የለውም። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ በየወለሉ እየቆሙ እየተነፈሱ ወጡ። አዛውንቶችን እንዲህ በማንገላታቴ ማዘን ነበረብኝ፤ አላዘንኩም። ሦስተኛው ወለል ላይ ስንደርስ ወደ ጠርዙ መራኋቸው፤ ያ ወንበር ከነመቀመጫ ትራሱ እዚያው አለ።

ወደ ታች አዩ። ከላይ ሲታይ ይብሳል፤ ጣሪያው ሁሉ በነጭ ሲሚንቶና በቡናማ ዝገት ተዥጎርጉሯል፤ ያች የተቀደደች ጫማ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። አንድ ግንበኛ ከጎናችን ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ሊያራግፍ መጥቶ ሲያየን ወደ ኋላው ተመለሰ።

ከመስጊድ የመጡት አዛውንት "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉ በቀስታ።

የእድሩ ዳኛ ወንበሩን አዩ፤ ከዚያ ጎረቤታችንን አዩ። "አንተ ይሄንን እያየህ ነው ሻይ የምትጠጣው?"

"እኔ ሱቅ ነው የምውለው። ሠራተኞቹ ናቸው..."

"ሠራተኞቹማ ናቸው። ወንበሩ የማን ነው?"

እኔ ውስጤ ሲጮህ ይሰማኛል፤ ደስታ ግን አልነበረም። ከዓይኔ እንባ ሲወጣ ነው እንዲህ መናደዴን ያወቅኩት። ማንም እንዳያየኝ ወደ ደረጃው ዞርኩ።

እዚያው ቆመው ፈረዱ። ጣሪያው በሙሉ ይቀየር፤ ቆርቆሮውንና አሸንዳውን፣ ኮርኒሱንም ጨምሮ እሱ ይቻል። እንጨቱን ግን ምስጥ የበላው ስለሆነ እኛ እንቻል። ከዛሬ ጀምሮም በእኛ በኩል መረብ ይዘርጋ። ፍርዱ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ ልክ ነበር እላለሁ። ልክ መሆኑ ራሱ አናደደኝ። እሱ ያጠፋውንና ምስጥ የበላውን እንዲህ በእኩል ድምፅ ሲናገሩት ብሎኬቱና ምስጡ አንድ ዓይነት ነገር ይመስላል። ምስጥ እኮ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያይም።

ቆርቆሮው የመጣው ከራሱ ሱቅ ነው። ሚኒትራኩ ሲያራግፍ ሥራዬ ትዝ አለኝና አንዷን አንስቼ በሁለት እጄ ያዝኳት፤ እንደ ወረቀት ተወዛወዘች። ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ የሳሳው ቆርቆሮ ነው፤ ሰው ለዶሮ ቤት የሚገዛው። ሾፌሩን "መልሰህ ጫነው" አልኩት። "ጋሼ አድርስ ነው ያሉኝ" አለኝ። "ለጋሼ ቤት ጣሪያ የሚሆነውን ይላኩ በላቸው፤ ይሄንን ፎቃቸው ላይ ይምቱት።" እናቴ ከደጃፉ ላይ "የኔ ልጅ ናት ይቺ?" ትላለች ለራሷ። ሾፌሩ እየሳቀ ጫነው። በማግስቱ ወፍራሙ መጣ።

ወንድሜ ቢፈርስስ የሚለውን አልተወም። "ቢፈርስ እንኳ ቆርቆሮውን ነቅለን እንሄዳለን፤ የበሰበሰ ግን የሚነቀል ነገር የለውም" አልኩት። ይሄን ከአፌ ስሰማው እኔኑ ገረመኝ፤ ለካ በንዴት ውስጥም አእምሮ ይሠራል። እሱም የሚኒባሱን ሥራ ለአንድ ሰሞን ለረዳቱ ዘመድ ሰጥቶ መጣ፤ ከአናጺው ጋር ማገር ሲያቀብል ዋለ።

ቤቱን የገለጥነው ብራ ሆኖ በነጋ ቀን ነው። የድሮው ቆርቆሮ አንድ በአንድ ሲወርድ የበሰበሰው እየተሰበረ እጅ ላይ ይቀራል። አናጺው አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ከቀኑ መሀል ላይ ከየረር በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የአባቴ ፎቶ፣ ሁሉም ነገር ሰማይ ሥር ነው። ሸራ እየጎተትን ስንሯሯጥ ከፎቁ ላይ የእሱ ግንበኞች ሥራቸውን ትተው ወረዱ፤ ማንም ሳይጠራቸው ሸራውን በአራት ማዕዘን ይዘው ወጠሩት፤ ዝናቡ እስኪያባራ እንደቆሙ ነበሩ። ከመሀላቸው አንዱ ያን እሁድ "ሰው አለ እንዴ?" ያለኝ ልጅ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ለእነሱ ምሳ አቀረብኩ። እነሱን መጥላት አልቻልኩም።

ጎረቤታችን ያን ቀን አልመጣም። ሥራው ሲያልቅ ግን መጥቶ ቀና ብሎ አየ፤ "አማረ" አለ፤ እናቴ ሻይ አቀረበችለት፤ ጠጥቶ ሄደ። ይቅርታ አላለም። እኔ ጓሮ ቆሜ ሁሉን እሰማ ነበር፤ አንዲቷን ቃል ስጠብቅ ሻዩ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አልለውም። እናቴ ትቆጣኛለች። "ቆርቆሮውን አገኘሽ፣ ምን ቀረሽ?" ትለኛለች። ምን እንደቀረኝ እነግራታለሁ፤ አይገባትም፤ ወይም ገብቷት ነው።

በቅርቡ አንድ ጠዋት ታክሲ ጠፍቶ ሰልፉ ረዝሞ ዝናብ ይወርድብኛል። የጎረቤታችን መኪና አጠገቤ ቆመ፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ግቢ እንጂ፣ እህቴ። ፓርኩ በር ላይ አደርስሻለሁ።"

በሩን ከፈተው። ሰልፉ ሁሉ ያየኛል፤ ጫማዬ ውሃ ገብቶበታል።

"ጋሼ፣ አንድ ቀን ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር" አልኩት።

ከልቡ ተገረመ። "የምን ይቅርታ? ጣሪያውን ቀየርኩላችሁ አይደል እንዴ?"

በሩን ዘጋሁለት፤ ቀስ አድርጌ። ታክሲ እስኪገኝ ድረስ ሌላ ብዙ ቆየሁ፤ ፋብሪካ ስደርስ ልብሴ ከሰውነቴ ተጣብቋል፣ አለቃዬም አርፍደሻል ብሎ ተቆጣ። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ ፀጉሬን ስጨምቅ አንዷ ባልደረባዬ "ምነው ጃንጥላ አልያዝሽም?" አለችኝ። ረስቼው ነው አልኳትና ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ።